ለእማማ እቴነሽ የማይላክ

ጥላዬ እባላለሁ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል፣ እኔ አወራለሁ፣ ተማሪው ስልኩን ያያል። የማስተምረው ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ተማሪዎቼ «መምህር፣ ይሄ እኮ ያረጀ ነው፤ ለምን የስልክ መተግበሪያ አታስተምረንም?» ይሉኛል። ኤዲያ! ስልካቸው ውስጡ በምን እንደተሠራ ቢያውቁ አፋቸውን ይይዙ ነበር። ባልደረቦቼም ቢሆኑ ወሬያቸው ሁሉ የቤት ኪራይና ዝውውር ነው። እኔ ምን ብዬ ስለ ዝውውር ላውራ? ብዛወርስ ማን ይጠብቀኛል? እብናት የነበሩት ወላጆቼ ከሞቱ ወዲህ ለበዓል የማንኳኳው በር የለኝም። ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ላጤ ነኝ፤ ይኸው ነው።

ብቸኛ ሰው መቼም አንድ ነገር መያዙ አይቀርም። አንዱ ጠላ ቤት ይይዛል፣ አንዱ ኳስ ይይዛል። እኔ የያዝኩት በሲ ቃላትን ካንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚገለብጡ፣ የሚቆጥሩና የሚያወዳድሩ ትንንሽ አጋዥ ፕሮግራሞችን መጻፍ ነው። አትሳቁ፤ ቀላል ነገር አይደለም። ለኮምፒውተሩ አንድ ስም ማለት በተርታ የተደረደሩ ሳጥኖች ማለት ነው። ስሙ የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ አንድ ባንድ እየቆጠረ ይሄድና ዜሮ ያለበት ሳጥን ሲደርስ ይቆማል። ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው ገልባጭ ደግሞ ቦታው ይብቃ አይብቃ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ያፈሰዋል፣ ሞልቶም የጎረቤቱን ስም ያበላሻል። በዚያ ላይ የፈረንጅ ፊደል አንድ ሳጥን ሲበቃው የእኛ ፊደል ሦስት ይፈልጋል። «ካሳ» የሚለውን ስም ቁጠር ብትለው ስድስት ነው ይልሃል። ይህ አናደደኝ። መናደድ ደግሞ ያሠራኛል።

ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። «ቁጠር» የሚለው ፊደል እንጂ ሳጥን አይቆጥርም። «ጥረግ» ከስም ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ባዶ ቦታ ያነሳል። «አስተያይ» ሁለት ስሞች አንድ መሆን አለመሆናቸውን ይናገራል። «ገልብጥ» ደግሞ ቦታው ሲሞላ ይቆማል፤ ያውም ፊደሉን ከወገቡ ሳይቆርጥ። በ«ገልብጥ» እኮራ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ስነካካቸው አንድም ሰው «ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ከአከራዬ ከእማማ እቴነሽ በቀር።

እማማ እቴነሽ ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሲሳይ። እሱም መተማ ወርዶ በሰሊጥ እርሻ ትራክተር ይነዳል። ግቢው ውስጥ የምንኖረው እንግዲህ እሳቸው በትልቁ ቤት፣ እኔ በሰርቪሷ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ስልካቸውን ይዘው ከክፍሌ በር ይመጣሉ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።» መሃይም አይደሉም፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማሩ ናቸው፣ ውዳሴ ማርያማቸውን በየቀኑ ይደግማሉ። የስልክ ፊደል ግን ጉንዳን መሰለኝ ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላቸው የዕጣ ማስታወቂያ ነው። አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ እበሬ ላይ ካለችው ዱካ፣ ከትንሿ በርጩማ፣ ቁጭ ይሉና «ዛሬስ ምን ጻፍክ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። በዚህ ከተማ ስለ ሲ የማወራው ሰው ቢኖር የስልሳ ስምንት ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ሳቁ ከፈለጋችሁ።

አንድ ቀን «ገልብጥ»ን ሳስረዳቸው «ማሰሮው ሲሞላ የሚያቆም ነዋ!» አሉ። «ታዲያ የተረፈውስ?»

«ይቀራል።»

«ተረፈኝ ብሎ ሳይናገር?»

«ለማን ይናገራል እማማ? ማሽን እኮ ነው» ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ። ሌላ ጨዋታ አነሳን።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የሰፈራችን እድር ዳኛ አቶ ገሰሰ ጠሩኝ። አቶ ገሰሰ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ጣታቸውን ይቀስራሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ኮምፒውተር ዐዋቂ ነኝ ትላለህ። ለእድሩ አንድ ነገር ሥራ።»

«ምን ልሥራ ጋሼ?»

«ቀብር ሲሆን ጥሩንባ ይነፋል፣ ሰው ይሰማል፣ ይወጣል። መርዶ ሲሆን ግን ምን እናድርግ? ልጁ ሩቅ አገር የሞተበትን ሰው በጥሩንባ ልናረዳው ነው? ቤት ለቤት እየዞርን ማንሾካሾክ አደከመን። ባለፈው እንኳ የሚያረዳ ጠፍቶ አራት ሰው ብቻ ይዘን ሄድን። አሳፋሪ ነገር ነው!»

መርዶ እኛ አገር ሥርዓት አለው። ሐዘንተኛው ሳይሰማ ዘመድና ጎረቤት ይጠራራል፤ ሌሊቱን በሰላም እንዲተኛ ይተዉታል፤ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው ይገቡና ሽማግሌ ቀስ አድርጎ ይነግረዋል። ያን ጊዜ የሚደግፈው እጅ በዙሪያው ሞልቷል። ሰው መርዶን ብቻውን መስማት የለበትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። አቶ ገሰሰ የፈለጉት ለአባላቱ ሁሉ የስልክ መልእክት የሚልክ፣ ለሐዘንተኛው ግን የማይልክ ፕሮግራም ነበር።

ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ! አጋዦቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሊጠቅሙ ነው። የሁለት መቶ አሥራ አራት አባላት ስምና ስልክ በመዝገብ አስገባሁ። ሐዘንተኛውን በስልክ ቁጥሩ ብለየውስ ብዬ ነበር፤ አቶ ገሰሰ «የሰው ቁጥር ማን ያስታውሳል? በስም! እስከ አያት!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ። እስከ አያት ያሉት ያለ ነገር አልነበረም፤ በእድሩ ውስጥ እቴነሽ ካሳሁን የሚባሉ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ገበያ ጌሾ የሚሸጡት፣ አያታቸው ተሰማ። ሁለተኛዋ የእኔዋ፣ አያታቸው ወልደጊዮርጊስ።

ለአንድ ስም አርባ ስምንት ሳጥን መደብኩ። አርባ ስምንት ለማን አንሶ! በራሴ ስም ሞከርኩ፣ በአቶ ገሰሰ ስም ሞከርኩ፣ በእድሩ ጸሐፊ በጌጡ ስም ሞከርኩ፤ ልክ ሠራ። ኮምፒውተሩ ገበያው አጠገብ ካለችው የጌጡ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀመጠ። «የማይላክለት» የምትል ቦታ አለች፤ ጌጡ እዚያ ላይ የሐዘንተኛውን ስም ይጽፋል፣ «አስተያይ» ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፣ ያንን ሰው ዘሎ ለሌላው ይልካል። እስከ መስከረም ሁለት መርዶ ወጣ፤ ሁለቱም ያለ እንከን። አቶ ገሰሰ በሰው ፊት «አንተ ልጅ ተባረክ» አሉኝ። እማማ እቴነሽም «ያቺ የማሰሮዋ ነች የምትሠራው?» ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ ስላቸው የራሳቸው ልጅ የተመረቀ ያህል ደስ አላቸው።

ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያስተማርኩ ሳለ ስልኬ ነዘረኝ። እኔም የእድሩ አባል ነኝና ለእኔም ይመጣል። አየት አደረግሁት።

«መርዶ። የወ/ሮ እቴነሽ ካሳሁን ልጅ ሲሳይ መተማ ዐርፏል። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ቤታቸው እንገናኝ። እንዳይሰሙ።»

ጌሾ የሚሸጡት ሲሳይ የሚባል ልጅ የላቸውም። ተማሪዎቹን ምን ብዬ እንዳሰናበትኩ አላስታውስም። ወባ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት፤ በሦስት ቀን ውስጥ ነው አሉ የጣለው፤ በሙቀቱ ምክንያት እዚያው ቀብረውታል። እኔ ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ፊታቸውን በምን ዓይኔ አያለሁ? የማውቀውን እያወቅሁ እንዴት እበሬ ላይ ቁጭ ብለው «ዛሬስ ምን ጻፍክ?» ይሉኛል? እግሬ ወደ ቤት እምቢ አለኝና ባጃጅ ይዤ ወደ ጌጡ ሱቅ ሄድኩ።

ጌጡ የሐዘን ፊት ቢኖረውም በሥራው ኮርቶ ነበር። «ሰማህ አይደል? ምስኪን! ግን ጥሩ ነው፣ ማሽንህ በደንብ ሠርቷል። ለሁሉም ደርሷል፣ አንድም አልቀረም» አለኝ።

«አንድም አልቀረም ማለት?»

«አንድም! እየው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነው መሆን ያለበት። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩና መዝገቡን ከፈትኩ። «እቴነሽ ካሳሁን ወልደጊዮርጊ» ይላል። የመጨረሻዋ «ስ» የለችም። ቆጠርኩት፤ ስማቸው ከነ አያታቸው ሃምሳ ሳጥን ይፈልጋል፣ እኔ የሰጠሁት አርባ ስምንት ነው፣ አንዷ የዜሮዋ ናት። የእኔ «ገልብጥ»፣ የምኮራበት፣ ፊደል ከወገብ የማይቆርጠው፣ አንዲት ሙሉ ፊደል በጨዋ ደንብ ጥሎ ቆረጥኩ እንኳ ሳይል አልፏል። ጌጡ «የማይላክለት» ላይ ስማቸውን ሙሉውን ጽፏል፤ ያቺ ቦታ ደግሞ በ«ገልብጥ» አታልፍም። «አስተያይ» ሁለቱን አየና አንድ አይደሉም አለ። ልክ ነው፤ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ላከላቸው።

«ምነው፣ ችግር አለ?» አለ ጌጡ።

«የለም» አልኩት። ለምን የለም እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ፈርቼ ነው። አቶ ገሰሰ በሰው ፊት ጣታቸውን ሲቀስሩብኝ ታየኝ። ደግሞ ተስፋ አደረግሁ፦ ስልካቸውን አላዩትም ይሆናል። ቢያዩትም ጉንዳን ነው ብለው ይተዉታል። ቀድሜ ደርሼ ስልኩን እቀበልና አጠፋዋለሁ። እንዲህ ብዬ ነው ወደ ቤት የሮጥኩት።

የግቢውን በር ስከፍት እማማ እቴነሽ ዱካዋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእኔ ክፍል በር ላይ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። መነጽራቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«መጣህ ልጄ? ዛሬ ቆየህ።»

«ሥራ በዝቶ ነው እማማ።»

«እስቲ ይቺን እይልኝ። ዓይኔ ዛሬ እምቢ ብሎኛል።»

ተቀበልኳቸው። ያችው መልእክት ናት። ካነበብኩ በኋላም ማንበቤን አላቆምኩም፤ ቀና ብል ፊታቸውን አያለሁና።

«ምን ይላል?»

«የእድር ነው።»

«የእድር መሆኑንማ አወቅሁ። ምን ይላል?»

ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች በውስጤ ነበሩ። አንዱ «መርዶ በሽማግሌ ነው የሚነገር፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነገር፣ አንተ ማን ነህ?» ይላል። ሁለተኛው «ብትናገር መልእክቱ ለምን እዚህ ደረሰ ይባላል» ይላል። የመጀመሪያው ጨዋ ነው፤ ሁለተኛው ነው ያናገረኝ።

«ስብሰባ ነው» አልኩ።

«ስብሰባ?»

«አዎ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ከአንቱ ቤት።»

«የሲሳይን ስም ያየሁ መሰለኝ።»

«እሱማ አለ» አልኩ፤ ምላሴ እንዴት እንደቀናኝ እኔም ገረመኝ። «በእድሩ ሁለት እቴነሽ ካሳሁን አሉ አይደል? ሰው እንዳይሳሳት የሲሳይ እናት ቤት ለማለት ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሌላ ነገር የለበትም?»

«የለበትም።»

«በማርያም በለኝ።»

«በማርያም» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ተመስገን! ተመስገን አንተ!» አሉ። ለእድር ስብሰባ ይህን ያህል ምስጋና ምን አመጣው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ማወቅ ስላልፈለግሁ ነው እንጂ ቂል ስለሆንኩ አይደለም። «ላጥፋልዎ? ስልኩ እንዳይሞላ» ስላቸው «አጥፋው፣ አጥፋው!» አሉ ቶሎ ብለው። አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝ። እማማ እቴነሽ ተነሱ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ፣ በየክረምቱ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ካልወረዱ የማይራመዱት፣ እንደ ወጣት ግቢውን ይዞሩት ጀመር። እንግዳ ሊመጣባቸው ነዋ! ቤቱን ጠረጉ። ገብስ አወጡና ቆሎ ቆሉ። ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተዋሱና «ና አንሳልኝ» አሉኝ። አነሳሁ። ለልጃቸው ለቅሶ የሚሆነውን ወንበር በትከሻዬ ተሸክሜ ደረደርኩ፤ እሳቸው «ወደዚህ ጠጋ አድርገው፣ ሽማግሌዎቹ ብርድ እንዳያገኛቸው» እያሉ ያዝዙኛል።

«ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎኛል ሲሳይ» አሉ ቆሎውን እያበጠሩ። «ዘንድሮስ አጋባዋለሁ። በቃኝ። አንተንም ጭምር ነው የማጋባህ፤ ምን ትስቃለህ?»

እየሳቅሁ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። መሸ፤ ወደየቤታችን ገባን።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። ከሃምሳ በላይ ሰው ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጉም መሐል፣ ድምፁን አጥፍቶ። እንዲህ የሞላ መርዶ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም፤ መልእክቱ ለሁሉም ደርሷላ! አቶ ገሰሰ ከፊት ናቸው። በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እማማ እቴነሽ የታጠበ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል።

«ግቡ! ግቡ! በዚህ ብርድ! ወንበሩ እዚህ ነው፣ ቆሎም አለ፣ ኧረ ግቡ!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። አቶ ገሰሰ የተደረደረውን ወንበር አዩ፣ ቆሎውን አዩ፣ ከዚያ ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላ ዞረው ሰዉን አዩ። ሴቶቹ ቀስ ብለው በግራ በቀኝ ጠጉ። «እቴነሽ» አሉ አቶ ገሰሰ፣ «እስቲ ተቀመጪ። እግዜር የሰጠውን እግዜር ሲወስድ…»

እማማ እቴነሽ አቶ ገሰሰን አላዩም። በሰው መሐል ፈልገው ፈልገው እኔን አገኙ። እያዩኝ ነው የጮኹት። ያን ጩኸት አልገልጸውም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ውሃ ቀዳሁ፣ እንጨት ፈለጥኩ፣ ድንኳን ሥር አደርኩ፤ ጠጋ ብል ግን ዓይናቸውን ወደ መሬት ያደርጉታል። በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ለአቶ ገሰሰ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አርባ ስምንቱ ሳጥን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቆጡም። ስብሰባ ነው ማለቴን ስነግራቸው ግን አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«ምነው እኔን ብትጠራኝ?»

«ማታ መርዶ አይነገርም ብዬ…»

«ወይ አንተ! አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ነው እንዲያድር የሚተው። ካፈተለከማ ወዲያው ነው የሚኬደው! ሦስት ሽማግሌ አጥቼ ነው? ቤቴ እኮ ከዚያ ማዶ ነው!» አሉኝ። ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ ቢቀስሩ ይሻለኝ ነበር።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ «ገልብጥ»ን አረምኩት። አሁን ቦታ ሲጠበው ዝም አይልም፤ «አልበቃኝም» ብሎ ይመልሳል፣ ፕሮግራሙም ያንን ሳይሰማ አንድም መልእክት አይልክም። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሰው ያቆሰለ ስህተት በሩብ ሰዓት ሲታረም እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ እማማ እቴነሽ አስጠሩኝ። ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው አልቆ ቤቱ ጭር ብሏል። ቁጭ በል እስኪሉኝ እንኳ ሳልጠብቅ እኔ ቀደምኩ። መሬት ላይ ተንበረከክሁና አፈሰስኩት፤ መልእክቱ ለእሳቸው እንዳይደርስ ማድረግ የእኔ ሥራ እንደነበር፣ ስማቸውን ፕሮግራሜ እንደቆረጠው፣ ጥፋቱ የጌጡም የእድሩም ሳይሆን የእኔ ብቻ እንደሆነ። «ይቅር በሉኝ» አልኩ።

«ተነስ» አሉ። «እሱን ገሰሰ ነግሮኛል። እሱ ማሽን ነው፣ ሳያውቅ ነው የላከው። ማሽን አልቀየምም።»

ተነስቼ ቆምኩ።

«አንብቤው ነበር» አሉ። «መነጽሬን አድርጌ፣ ፊደል በፊደል፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልጮኽሁም። ለምን አልጮኽሁም? ዓይኔን ስላላመንኩት። ጥላዬ የተማረ ነው፣ እሱ ይመጣል፣ እሱ አይቶ ይነግረኛል ብዬ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ በርህ ላይ ተቀመጥኩ። ዐርፏል ብትለኝ እዚያው እግርህ ሥር እወድቅ ነበር፤ አንተም ታነሳኝ ነበር። ለዚህ ነው የመጣሁት። ስብሰባ ነው አልከኝ። በማርያም አልከኝ። አመንኩህ ጥላዬ! ልጄን ከመቃብር አወጣህልኝ። ያችን ሌሊት እየሳቅሁ ነው ያደርኩ፤ ዓይኔን ስሰድበው አደርኩ። ጠዋት እነ ገሰሰ ሲመጡ ቆሎ ይዤ ወጣሁ።»

በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«ሌላው ሰው ልጁ አንዴ ነው የሚሞትበት» አሉ። «የእኔ ሐሙስ ሞተ፣ ዓርብ ደግሞ ሞተ። የሐሙሱን ያመጣው ማሽን ነው። የዓርቡን ያመጣኸው አንተ ነህ።»

እጃቸውን ለመሳም ስጠጋ አልከለከሉኝም፤ እጁ ግን እንደ ዕቃ ነው የቀረበልኝ። ቤቱን ልልቀቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ወዴት ትሄዳለህ? ማን አለህ?» አሉ። «ተቀመጥ፤ ብትሄድም ለእኔ ግቢው ባዶ ነው የሚሆን። ግን ከእንግዲህ ምንም አታንብብልኝ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ።